በግራው ክፍል

ጥቅምት 6

ልጄ፣

እንዳዘዝሽኝ ተቀምጬ ነው ያነበብኩት። መስኮቱ ሥር ያለው ወንበር ላይ፣ መነጽሬን ጠርጌ፣ አንዴ በዓይኔ፣ አንዴ ደግሞ ድምፅ አውጥቼ። ድምፄን እኔ ራሴ ባልሰማውም ጎረቤቴ ሳይሰማው አልቀረም፤ ጠዋት በር ላይ ሲያገኘኝ «እንኳን ደስ ያለዎት» አለኝ። ከከንፈሩ አነበብኩት።

ይቅርታ የጠየቅሽኝ ነገር ይቅርታ አያስፈልገውም። የመጀመሪያው ጽንስ መውረዱን ነግረሽኝ የሁለተኛውን ለምን እንደደበቅሽኝ ገብቶኛል። አልተቀየምኩም። አሁን ሦስተኛው ነው፤ አሥራ ሁለተኛ ሳምንት ነው ብለሻል፤ ጽፌ ይዤዋለሁ።

ስለ ማኅፀን ለአባት መጻፍ ያሳፍራል ላልሽው፦ እኔ ሠላሳ አራት ዓመት የተፈጥሮ ሳይንስ አስተምሬያለሁ። ያንን ሥዕል በየዓመቱ ሰሌዳ ላይ የምስለው ጀርባዬን ለክፍሉ ሰጥቼ ነበር። አራት ደቂቃ የሚበቃውን ሥዕል አሥራ አምስት ደቂቃ እቀባባዋለሁ፤ እነሱም ሳቃቸውን ይጨርሳሉ፣ የእኔም ፊት ወደ ቦታው ይመለሳል። ስለዚህ ጻፊ። ጀርባዬን ሰጥቼሽ አነባለሁ።

ሦስት ነገር አልገባኝም። አንደኛ፣ «ማኅፀኔ ውስጥ ግድግዳ አለ» ስትዪ ምን ማለትሽ ነው? ሁለተኛ፣ ሁለት ጊዜ ስትታዪ ለምን አልታየም? ሦስተኛ፣ ለምን ቆርጠው አያወጡትም?

ስልኩን ተዪው። ጆሮዬ የሚሰማው ጩኸቱን እንጂ ቃሉን አይደለም። ደብዳቤ ስድስት ቀን ይፈጃል፣ ግን ደግሜ ላነበው እችላለሁ። ወገቤ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ሁለት ቀን አውቶቡስ ላይ መቀመጥ ተከልክሏል እንጂ ይሄኔ በርሽን እያንኳኳሁ ነበር።

አባትሽ

ጥቅምት 19

አባዬ፣

ደብዳቤህን ለባለቤቴ አነበብኩለት። «ጀርባዬን ሰጥቼሽ አነባለሁ» የሚለው ላይ ስደርስ ሻዩ ትን አለው። በያጅ ሆኖ እሳት የማይፈራ ሰው አንተን ግን እስካሁን ይፈራሃል፤ «አባባን ሰላም በይልኝ፣ በደንብ ጽፈሽ» ብሏል።

ጥያቄህን በተራ ልመልስ፣ አለዚያ ማርክ ትቀንስብኛለህ። ግድግዳው እውነተኛ ግድግዳ ነው፣ ከሥጋ የተሠራ። አልትራሳውንድ የምታነሳኝ መርማሪ እንዲህ አስረዳችኝ፦ ሴት ልጅ ገና በእናቷ ሆድ ሳለች ማኅፀኗ ሁለት ቀጫጭን ቱቦ ነው። ቱቦዎቹ ተጠጋግተው ይጋጠማሉ፤ መሐላቸው የቀረው ግድግዳ ደግሞ ቀስ በቀስ ጠፍቶ አንድ ሰፊ ክፍል ይሆናል። የእኔ ተጋጠመና መሐሉ ሳይጠፋ ቀረ። እኔ በራሴ ሙያ፣ በልብስ ስፌት ነው የገባኝ፤ ጎን ለጎን ተሰፍቶ መሐሉ ያልተተረተረ ልብስ ማለት ነው። ከውጭ ሲያዩት ምንም የለበትም።

ያኔ ለምን አልታየም? ሁለቱንም ጊዜ ደም እየፈሰሰኝ ነው የሄድኩት። የሚያዩት «ጽንሱ አለ ወይስ የለም» የሚለውን ብቻ ነበር። የለም ካሉ በኋላ ማንም ማሽኑ አጠገብ አይቆይም። ይህቺኛዋ ገና በዘጠነኛው ሳምንት መሣሪያውን አዙራ አዙራ ማኅፀኑን ከፊት ለፊት የሚያሳይ ምስል አወጣች። ሆድ ከገፋ በኋላ ግድግዳው ስለሚለጠጥ ለማየት ያስቸግራል አለችኝ።

ይቆረጣል ወይ? ይቆረጣል፣ ባዶ ሲሆን። አሁን ሰው አለበት። እስኪወለድ ድረስ ማየት እንጂ መንካት የለም።

ልጁ ያለው በግራው ክፍል ነው። ቀኙ ባዶ ነው። በያጁ «ባለ ሁለት ክፍል ቤት ይዘን አንዱን ብቻ አከራየን» ይላል፤ ልጁንም ተከራዩ ብሎታል። ሐኪሙ የሚፈራው ቦታው ጠብቦት ሳይደርስ እንዳይወጣ ነው። የማኅፀን በር ካጠረ ቀድሞ ይከፈታል፤ ለዚህ መርማሪዋ ርዝመቱን ሦስቴ ለክታ አጭሩን ትመዘግባለች። «ሃያ ስምንት ሳምንት ካደረስሽው እንነጋገራለን፣ ሠላሳ አራት ካደረስሽው እንጨፍራለን» አለኝ። አሁን አሥራ አራት ነን። እናቴስ ተመሳሳይ ነገር ደርሶባት ነበር?

ልጅህ

ኅዳር 3

ልጄ፣

ጥሩ መልስ ነው። ሙሉ ማርክ።

እናትሽ ተመሳሳይ ነገር ደርሶባት እንደሆነ ጠይቀሽኛል። አንቺን ያለ ብዙ ችግር ወለደች፤ ከዚያ በኋላ ሌላ አልመጣም። መጥቶ የቀረ እንደነበረ የነገረችኝ ነገር የለም። እኔም አልጠየቅኋትም። አሁን መቃብሯ ላይ ቆሜ የምጠይቀው ጥያቄ አይደለም።

የምሠራው ነገር ስላጣሁ አንድ ነገር ጀምሬያለሁ። ባለ ካሬ ወረቀት ገዝቻለሁ። በአግድሙ ሳምንታቱን፣ በቁመቱ ክብደቱን ጽፌያለሁ። ምርመራ በሄድሽ ቁጥር ክብደቱን፣ የጭን አጥንቱን ርዝመት፣ የጭንቅላቱን ስፋት፣ የማኅፀንሽን በር ርዝመት ላኪልኝ። እዚህ ሆኜ ላደርግልሽ የምችለው ይህን ብቻ ነው፤ ስለዚህ በትክክል ላድርገው።

አንድ ያልገባኝ ነገር አለ። መርማሪዋ የማኅፀኑን በር ሦስቴ ለክታ አጭሩን ትመዘግባለች ብለሻል። ለምን አማካዩን አታወጣም?

አባትሽ

ታኅሣሥ 4

አባዬ፣

ሃያኛው ሳምንት ገባን። ትናንት መርማሪዋ ዘንድ አንድ ሰዓት ሙሉ ተኛሁ። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ አልጋ፣ ማሽን፣ ባለ ጎማ በርጩማ፣ ጥግ ላይ የሚንጠባጠብ ቧንቧ። መብራቱን አጥፍታ በስክሪኑ ብርሃን ብቻ ነው የምትሠራው። ሆዴ ላይ የምትቀባውን ቅባት ሙቅ ውሃ ውስጥ አቆይታ ታወጣዋለች፤ ሌሎቹ ቀዝቃዛውን ነበር የሚለጥፉብኝ። አታወራም። ነገር እንደሚደብቅ ሰው ሳይሆን አንተ ፈተና ስታርም እንደምትሆነው ነው ዝምታዋ።

ቁጥሮችህ እነዚህ ናቸው። ክብደቱ በግምት 287 ግራም። የጭን አጥንቱ 31 ሚሊሜትር፣ የጭንቅላቱ ስፋት 46፣ የማኅፀኔ በር 33። የእኔንም ኩላሊት አየችው፤ ማኅፀን ሲዛባ አንዳንዴ አንዱ ኩላሊት አብሮ ይጎድላል አለችኝ። ሁለቱም አሉ።

አማካዩን ለምን እንደማታወጣ ጠየቅኋት። መጀመሪያ «አባትሽ ሥራቸው ምንድን ነው?» አለችኝ። ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው አልኳት። «ያስታውቃል» አለች። ከዚያ ቅባቱን ከእጇ እየጠረገች፣ «የምፈራው አጭሩን ስለሆነ የምጽፈውም እሱን ነው በያቸው» አለችኝ።

ተከራዩ እግሩን ወደ ታች አድርጎ ተቀምጧል፤ ጭንቅላቱ ወደ ላይ ነው። ለመገልበጥ ቦታ የለውም።

አለቃዬ ቁጭ ብለሽ ሥሪ ብሎኛል፤ አትጨነቅ። ጨርቅ መቁረጥ ግን ተቀምጠው የሚሠሩት ሥራ አይደለም።

ልጅህ

ጥር 7

ልጄ፣

ከዚያ በኋላ የላክሻቸው ሁለት አጫጭር ወረቀቶች ደርሰውኛል። ይህን ደብዳቤ አራት ጊዜ ጀምሬ አራት ጊዜ ቀድጄዋለሁ፤ ዘገየ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ።

የሃያኛው ሳምንት ክብደት 287 ነበር። ማን ፈጥሮ 287 ይላል? እውነተኛ ቁጥር ፀጉሩን ሳያበጥር ነው የሚመጣው። የሃያ ሁለተኛው 430 ሆነ፣ የሃያ አራተኛው 600። ነጥቦቹን ሳገናኛቸው መስመሩ ምንም ሳይዛነፍ ወጣልኝ።

ፋርማሲስቷን ታውቂያታለሽ፤ ስልክ ሲመጣልኝ ሰምታ በወረቀት የምትጽፍልኝ። መደርደሪያዋ ጎን ለነፍሰ ጡሮች የተለጠፈ ሠንጠረዥ አለ። ትናንት ፊቱ ቆሜ አንድ በአንድ ሳነበው አይታኝ፣ «ጋሼ፣ አረገዙ እንዴ?» አለችኝ። ሳቄን ሳልጨርስ 430ን አገኘሁት። ከሥሩ 600ን። የሁለቱንም ሳምንት የጭን አጥንት፣ የጭንቅላት ስፋት። ስድስቱም ቁጥር ልክ አንቺ እንደጻፍሽው።

ተማሪ ሙከራ ሠርቶ ነጥቦቹ በሙሉ መስመሩ ላይ ካረፉ ማርክ አልሰጠውም ነበር። ጠረጴዛዬ አጠገብ ጠርቼ፣ ሌላው ሳይሰማ፣ «የራስህን አምጣልኝ» እለው ነበር። አንቺንም ሌላው ሳይሰማ ነው የምልሽ። አልተቆጣሁም። የራስሽን አምጪልኝ።

አባትሽ

ጥር 14

አባዬ፣

372። 468። ዛሬ ደግሞ 570።

የሃያ ሁለተኛው፣ የሃያ አራተኛው፣ የሃያ ስድስተኛው ሳምንት። መርማሪዋ ክፍል ውስጥም እንደዚያ ያለ ሠንጠረዥ ተለጥፏል። ልብሴን እየለበስኩ ገለበጥኩት። ልጅ ሆኜ ከመጽሐፉ ጀርባ መልስ ስገለብጥ ሁልጊዜ እንደያዝከኝ እያወቅሁ ገለበጥኩት። ይቅር በለኝ። ያን ወረቀትህን ይዘህ መስኮቱ ሥር ተቀምጠህ ታየኸኝ፤ መስመሩ ወደ ታች ሲወርድብህ ማየት አልቻልኩም።

የደበቅኩህ ቁጥር ብቻ አይደለም። ከሃያ አራተኛው ሳምንት ጀምሮ ቤት የለሁም። ሆስፒታል ተኝቻለሁ። 33 የነበረው የማኅፀኔ በር 24 ሆነ፤ ዛሬ 19 ነው። በክር መስፋት ይቻል ነበር፣ አሁን ዘግይቷል አሉ። በየቀኑ ከታች የማስገባው መድኃኒት ሰጥተውኛል። ስንቱን ስሰፋ የኖርኩ ሰው!

መርማሪዋ ድሮ ስክሪኑን ወደ እኔ አዙራ «ይኸው እጁ፣ ይኸው አፍንጫው» ትለኝ ነበር። አሁን ወደ ራሷ አዙራዋለች። ዛሬ ሦስቴ ለካችና አራተኛ ደገመች። አራተኛ ለክታ አታውቅም። ከዚያ እጄን ይዛ ከአልጋው አወረደችኝ።

ክፍላችን ስድስት አልጋ አለው፤ የእኔ በሩ አጠገብ ነው። በያጁ የአልጋዬን እግርጌ ከፍ የሚያደርግ ብረት በይዶ አመጣ። ነርሷ አይታው «ይሄ አልጋ ነው ወይስ ድልድይ?» አለችው። አላስገቡለትም። ብረቱን አጠገቡ አድርጎ ኮሪደር ላይ ተቀምጦ ይውላል። ቤት ሂድ ብለው እሺ ይላል፣ አይሄድም።

የማደርገው ነገር ቢኖር አደርገው ነበር አባዬ። ያዘዙኝ በጎኔ መተኛትና መጠበቅ ብቻ ነው።

ልጅህ

ጥር 21

ልጄ፣

ይቅርታ ጠያቂው እኔ ነኝ። ቁጥር አምጪ ብዬ ያስጨነቅኩሽ እኔ ነኝ። ሰው ታሞ ተኝቶ የቤት ሥራ የሰጠሁት እኔ ነኝ። እዚህ ቁጭ ብዬ የምጨብጠው ነገር ስፈልግ አንቺን ዋሾ አደረግሁሽ።

ሐኪሜን ለሁለተኛ ጊዜ ጠየቅሁት። ወገቤ ላይ የገባው ብረት ገና አልያዘም፤ «ቢያንስ ሁለት ወር ይጠብቁ» አለኝ። የምጠብቅበት ዓመት ሙሉ ያለኝ መስሎት ነው የተናገረው።

እውነተኛዎቹን ቁጥሮች ወረቀቱ ላይ አሰፈርኳቸው። ክብደቱ ቢያንስም አላቆመም፤ በሁለት ሳምንት መቶ ግራም ገደማ ይጨምራል። በዚህ አካሄድ ሠላሳ አራተኛው ሳምንት ላይ ወደ አንድ ኪሎ ይጠጋል። ያ ጥሩ ነው። ከዚያ የማኅፀኑን በር ልኬት በሌላ ቀለም አሰመርኩ። ሁለተኛውን መስመር እስከ መጨረሻው አስምሬ ወረቀቱን ገለበጥኩት።

ብርድ ልብስ አለሽ? ከሌለሽ ለባለቤትሽ ንገሪው። የሚሠራው ነገር ይፈልጋል፤ አዝዢው። አታባሪው።

አባትሽ

ጥር 28

አባዬ፣

ሃያ ስምንት ሞላን። እንነጋገራለን ያለኝ ሐኪም መጣ፤ ብዙም አልተነጋገረም። የማኅፀኔ በር 11 ነው። ለልጁ ሳንባ የሚሆን መርፌ ሁለት ቀን ወጉኝ። ክብደቱን ዛሬ አልነገሩኝም፣ እኔም አልጠየቅሁም።

እባክህ አታስላ። ሁለተኛውን መስመር እኔም አስምሬዋለሁ። ነርሷ በሰጠችኝ ወረቀት ጀርባ ላይ፣ አልጋ ላይ ተኝቼ። የት እንደሚያደርስ አይቻለሁ። ያንተ ልጅ አይደለሁ?

ስለ ሌላ ነገር ጻፍልኝ። ስለ ጎረቤትህ ጻፍልኝ፤ ጣሪያውን አደሰ? ፋርማሲስቷ አሁንም ትቀልድብሃለች? ስለማይረባ ነገር ረጅም ደብዳቤ እፈልጋለሁ። ከጎኔ ያለችው ሴትዮ ባሏ በየቀኑ ስለ አንድ የጠፋ ጃንጥላ ያወራላታል፤ እንዴት እንደምቀናባት።

በያጁን ትራስ ገዝተህ ና ብዬ ላክሁት። አራት ገዝቶ መጣ።

ልጅህ

የካቲት 6

አባዬ፣

ይህ ደብዳቤ አጭር ነው። ከሦስት ቀን በፊት እግሩ ቀድሞ መጣ፤ በቀዶ ሕክምና አወጡት። ወንድ ነው። 690 ግራም። ይህኛው በሚዛን የተመዘነ ነው።

በሕይወት አለ። የመስታወት ሣጥን ውስጥ ነው፤ ሣጥኑ ጎን ላይ ሁለት ክብ ቀዳዳ አለ። እጄን በዚያ አስገባለሁ። ነርሷ «አትዳብሺው፣ ቆዳው አይችልም፤ እጅሽን ዝም ብለሽ አስቀምጪለት» አለችኝ። አስቀምጥለታለሁ። መዳፌ ጀርባውን በሙሉ ይሸፍነዋል።

መርማሪዋ ትናንት ልታየኝ መጣች። ያለ ማሽኗ ሳያት አላወቅኋትም።

ሆዴ ውስጥ አሁን ሁለቱም ክፍል ባዶ ነው። ደብዳቤህ ሲደርሰኝ አነባለሁ።

ልጅህ

የካቲት 21

ልጄ፣

የካቲት 14 የጻፍሽው ደብዳቤ ትናንት ደረሰ። ነገሩን ግን ቀድሜ ሰምቼው ነበር። ባለቤትሽ ፋርማሲው ደውሎ ነበር። ፋርማሲስቷ ስልኩን ይዛ ብዙ ቆየች፤ ከዚያ ወረቀት ሳበች። ጻፈች፣ ሰረዘች፣ እንደገና ጻፈች። እጄ ላይ ያስቀመጠችልኝ ወረቀት ሁለት ቃል ብቻ ነበረው። «ልጁ ዐረፈ።» ሱቋን ዘግታ እስከ ቤቴ ሸኘችኝ። መንገድ ላይ አልቀለደችም።

የጠየቅሽኝን ልመልስ።

ጥፋቱ ከእኔ ነው ወይ፣ ቆሜ ጨርቅ በመቁረጤ ነው ወይ ብለሻል። አይደለም። በእርግጠኝነት የምመልሰው ይህን ብቻ ነው። ያ ግድግዳ የቀረው አንቺ በእናትሽ ሆድ ሳለሽ ነው። ያን ሰሞን እናትሽ ምሳዬን ትምህርት ቤት ድረስ ታመጣልኝ ነበር፤ ማርገዟን ገና ለሰው አልተናገርንም። ዛፍ ሥር ተቀምጠን አብረን እንበላለን፣ እጄን እታጠብና ወደ ክፍሌ እገባለሁ። እዚያው ነበርን፣ እናትሽም እኔም። ምንም አላየንም፤ ብናይም የምናደርገው አልነበረም።

ሐኪሙ ግድግዳው አሁን ይቆረጣል፣ ከዚያ በኋላ እንደገና መሞከር ይቻላል ብሎሻል። አንቺ ደግሞ «ልሞክር?» ብለሽ ጠይቀሽኛል። ደብዳቤሽን ሌሊቱን ትራሴ ሥር አሳደርኩት። ሠላሳ አራት ዓመት ልጆች ፊት ቆሜ፣ ያላወቅሁትን «ነገ እነግራችኋለሁ» እያልኩ ቤት ገብቼ ፈልጌ እመጣ ነበር። ለዚህኛው የምፈልግበት ቦታ የለኝም። አላውቅም፣ ልጄ። አላውቅም።

ይህን ደብዳቤ ለነገው አውቶቡስ ሾፌር እሰጠዋለሁ፤ በፖስታ ብልከው እኔ ቀድሜው እደርሳለሁ። የቅዳሜውን ይዣለሁ፤ የኋላውን ረጅም ወንበር በሙሉ፣ ተኝቼ ነው የምመጣው። ሐኪሜን በዚህ ጊዜ አላማከርኩትም። እሑድ ማታ እደርሳለሁ። ባለቤትሽ መናኸሪያ ይቀበለኝ፤ አንቺ ከአልጋሽ አትነሺ።

ስም አውጥተንለት ነበር ብለሽ ስሙን ሳትጽፊው አልፈሻል። ያን መስመር ደጋግሜ አየሁት። መጥቼ አጠገብሽ እቀመጣለሁ። ምንም አልጠይቅሽም።

አባትሽ